ስፖርት መኪና በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና በባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ስታልፍ አንገቱን የማያዞር ሰው ጥቂት ነው። አይቶ የወደዳት ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቷ አይደለም፤ «ለዚህ አገር መንገድ ትሆናለች ወይ?» ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለትርኢት ሳይሆን ለሥራ፣ ለገበያና ልጅ ለማድረስ ሊነዷት ለሚያስቡ ናቸው።

በየቀኑ ልነዳት እችላለሁ ወይስ የእሑድ መኪና ናት?

በየቀኑ ይነዷታል። በዚህ በኩል ባሕር ዳር ከብዙ ከተሞቻችን ትሻላለች። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ዋና ዋና መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መንቀጥቀጥ የለም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ወደ ጎንደር በኩል የሚወጣውን ሰው ከአሮጌው ድልድይ ጥበት ገላግሎታል።

መኪናዋን የሚፈትናት አስፋልቱ አይደለም። ከአስፋልቱ ታጥፈው እስከ ግቢዎ በር ያለችው ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ናት። የተነቃቀለ ኮብልስቶን፣ ጎርፍ የቦረቦረው ፒስታ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የቱቦ ክዳን፣ ከዚያ ደግሞ ቦዩን ተሻግሮ ወደ ግቢ የሚያስገባ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ መወጣጫ። ስለዚህ ሰው ሲያማክረኝ የሞተሩን መጠን ከመጠየቄ በፊት ሰፈሩን እጠይቃለሁ። ቤቱ አስፋልት ዳር የሆነ ሰው ፖርሽም ቢገዛ ይኖርበታል፤ ቤቱ ፒስታ ውስጥ የሆነ ሰው ግን ሥራውን ከመንገዱ መጀመር አለበት።

ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብትል ይበቃል?

ቁጥሩን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ቢሆንም ከቁጥሩ እንጀምር። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ም ሆነ ቶዮታ 86 ከመሬት 13 ሴ.ሜ. ገደማ ከፍ ይላሉ። ፖርሽ 911 ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ፋብሪካው አፍንጫውን 4 ሴ.ሜ. ያህል ብድግ የሚያደርግ ዘዴ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጠውም ለዚሁ ነው።

ከከፍታው እኩል የሚቆጠረው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሲረዝም ጉብታ መሃል ላይ ሆድ የመምታት ዕድሉ ይጨምራል። በኤምኤክስ-5 2 ሜትር ከ31 ሴ.ሜ. ነው፤ በቶዮታ 86 ደግሞ 2 ሜትር ከ57 ሴ.ሜ.። ከፍታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ማዝዳዋ የምታልፈውን ጉብታ ቶዮታዋ ልትፍቀው ትችላለች።

መለኪያው ቀላል ነው። 2 ሜትር ከ57 የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ይፈልጉና በሁለቱ ጫፎቹ ሥር 13 ሴ.ሜ. ቁመት ያላቸው የእንጨት እግሮች ይምቱበት። እግሮቹ ጎማዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ናቸው፤ ጣውላው የመኪናዋ ሆድ ነው። ይህንን ይዘው በግቢዎ መወጣጫ፣ በቱቦው ክዳን፣ በሰፈሩ ጉብታ ላይ ስንዝር ስንዝር እያስጠጉ ያሻግሩት። መሬቱ ጣውላውን ከነካው መኪናዋንም ይነካታል። የነካበትን ቦታ በጠመኔ አስምረው ለግንበኛ ያሳዩ፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው የመወጣጫውን ጫፍ ጠርቦ ተዳፋቱን ማስረዘም ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰውና ዕቃ ሲጫን ሞላው ይወርዳል፤ ስለዚህ እግሮቹን 13 ላይ ሳይሆን 11 ላይ ቢቆርጧቸው ልኬቱ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ፓራውልቱ እንዳይፋቅ ምን ላድርግ?

የፊት ፓራውልት ከጎማው ቀድሞ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ከጎን ባጃጅና ብስክሌት ከሌለ ጉብታውን ሰያፍ ገብተው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፉ። ዋናው ግን ፍሬኑ ነው። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል፤ ፍሬን እንደረገጡ ጉብታው ላይ ከወጡ ያለችዎትን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራስዎ ወሰዷት ማለት ነው። ቀድመው ይያዙ፣ ጉብታው ሥር ሲደርሱ ይልቀቁ፣ ከዚያ በቀስታ ይለፉ።

ሞላውን ከፍ ባስደርገውስ?

ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ብዙ አይጎዳም፤ ከዚያ በላይ ግን የጎማው አቋቋም ይዛባል፣ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል፣ የገዟት መኪና የመታጠፍ ብቃቷም ይጠፋል። እኔ የምመርጠው ጎማ መቀየሩን ነው። 215/45 አር 17 ጎማ (215 ስፋቱ በሚ.ሜ.፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው) ያላትን መኪና ቸርኬውን ወደ 16 ኢንች አውርዶ 205/55 አር 16 ቢያስገቡባት የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ1 በመቶ ገደማ ብቻ ይለያል፤ የጎማው ጎን ቁመት ግን ከ97 ወደ 113 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል። ጉድጓድ ሲገቡ ቸርኬው እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ይህ የጎን ቁመት ነው። 205/55 አር 16 ለብዙ ተራ የቤት መኪናዎችም የሚሆን ልክ ስለሆነ ጎማው በቀላሉ ይገኛል። ከመግዛትዎ በፊት 16ቱ ቸርኬ የፍሬኑን አካል እንደማይነካ ገጥመው ይዩ።

በክረምትስ ትነዳለች?

ትነዳለች፤ ግን እንደ በጋው አይደለም። የከተማችን ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። የሚገርመው በጣም አንሸራታቹ ጊዜ ሐምሌ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በበጋው ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የጎማ ፍቅፋቂ ውሃ ሲነካው ቅባት ይሆናል። በእነዚያ የመጀመሪያ ዝናቦች፣ በተለይ አደባባይ ላይ፣ ጉልበቷን ለኋላ ጎማ የምትሰጥ መኪና እየታጠፈች ነዳጅ ከተረገጠባት ጭራዋን ትጥላለች። መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ሥርዓት አያጥፉ፤ መሪው ሳይቃና ነዳጅ አይርገጡ።

ሁለተኛው ነገር የጎማው ስፋት ነው። ሰፊ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ይይዛል፤ ውሃ ላይ ግን ውሃውን ጨፍልቆ ለማውጣት ይቸገራልና ከቀጭኑ ጎማ ቀድሞ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪው በድንገት ይቀልልዎታል። ፍሬን ሳይመቱ፣ መሪ ሳያዞሩ፣ ነዳጁን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፤ ጎማው መሬቱን መልሶ ይይዘዋል። የጎማው ጥርስ ባነሰ ቁጥር ይህ በዝቅተኛ ፍጥነት ይመጣል። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች 1.6 ሚ.ሜ. ላይ ተሠርተዋል፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ለባሕር ዳር ሐምሌ ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ 3 ሚ.ሜ. ሲደርስ ይቀይሩ። የጎማውን ዕድሜም ይዩ፤ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ በዕድሜ የደረቀ ጎማ በዝናብ አይይዝም።

መንገዱ በውሃ ከተሞላ ልግባ?

ከተማው ሜዳ በመሆኑ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውሃው ቶሎ አይወርድም፤ መንገድ ላይ ይተኛል። ውሃው ከጎማው ግማሽ በላይ የሚደርስ ከመሰለዎት አይግቡ። በዝቅተኛ መኪና የሞተሩ አየር መሳቢያ አፍም ዝቅ ያለ ነው፤ በዚያ በኩል ውሃ ከገባ ሞተሩ እንደ አየር ሊጨምቀው አይችልምና ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ (ቢዬላ) ይጣመማል። ይህ ጉዳት ሞተር ያስወርዳል። ውሃ መሃል ከጠፋችብዎት ደግሞ ቁልፉን መልሰው አያዙሩ፤ ወርደው ያስገፏት፣ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ውሃ አለመግባቱን ሳያይ አትነሣ። ብዙ ሞተር የሚሰበረው ውሃው ውስጥ ሲጠፋ ሳይሆን እንደገና ለማስነሣት ሲሞከር ነው።

ከፊትዎ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ስላለፈ ብቻ አይከተሉ። የእነሱ ሆድ ከእርስዎ መኪና ይልቅ ከመሬት ይርቃል፤ ከኋላቸው የሚተዉት ማዕበልም ፓራውልትዎ ጋ ሲደርስ ቁመቱ ሌላ ነው።

ወደ ጎንደር ስሄድ በፎገራ በኩል ምን ልጠንቀቅ?

ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውሃ ያለብሱታል። ዋናው ችግር ግን አስፋልቱ ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ ነው። ከጭነት መኪና ለመሸሽም ሆነ ስልክ ለማንሣት አስፋልቱን ለቀው ወደ ዳር አይውጡ። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ጎማ ይውጣል፤ ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ ጎማዋ ትንሽ ሲሰምጥ ወዲያው በሆዷ ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ቢሽከረከርም ምንም አይጨብጥም። መቆም ካለብዎት ወረታ ወይም ሌላ ከተማ ደርሰው ይቁሙ።

ካናዳ ያለው ወንድሜ ስፖርት መኪናውን በበረዶ ይነዳል፤ እኔም የክረምት ጎማ ላስመጣ?

አይሆንም። የወንድምዎ ጎማ የተሠራው ለብርድ ነው። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሌላው ጎማ ሲደርቅ እሱ እንደተለሳለሰ ይቆያል። በካናዳ ኩቤክ ክፍለ አገር ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ያለ ጎማ ማድረግ በሕግ የታዘዘ ነው። ጀርመንም መንገዱ በረዶ ሲይዝ ያስገድዳል። በእኛ ሙቀት ግን ያ ለስላሳ ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል፣ ፍሬን ሲያዝም ርቀት ይወስዳል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ከተሣለበት ይተዉት።

ወንድምዎ በበረዶ መንዳቱ ግን እውነት ነው፤ የሚያስቀናም ነው። ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚያሽከረክሩት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ በበረዶ ጎማ ሲጫማ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይጨብጣል። የበረዶ አገር ጣጣው ሌላ ነው፦ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው። ከእነዚያ አገሮች ያገለገለች መኪና ሊገዙ ከሆነ ቀለሟን ሳይሆን ሆዷን ይዩ። ጉድጓድ ላይ አስወጥተው በባትሪ መብራት ቻንሲውን፣ የፍሬን ዘይት ቧንቧዎቹንና የሞላ መቀመጫዎቹን ያስፈትሹ። ጣና ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ ሐይቁ ዳር መኖር በራሱ እንዲህ አያዝግም፤ ከሌላ አገር ይዛው የመጣችው ዝገት ግን በእኛ ክረምት ሥራውን ይቀጥላል።

ከፍታው ጉልበቷን ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ15 እስከ 18 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ 170 ገደማ ትሰጣለች ማለት ነው። ቱርቦ ያለው አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ ብዙ አይጎዳም። ለከተማ መንዳት ግን ልዩነቱ አያስጨንቅም።

ይበልጥ የሚያስጨንቀው ቤንዚኑ ነው። ቱርቦ ያላቸው ብዙ ስፖርት መኪናዎች 95 ወይም 98 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ነድዶ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የመቋቋሙ ልክ) ይጠይቃሉ፤ በማደያዎቻችን እንዲህ ብሎ መምረጥ የለም። የአዳዲሶቹ ሞተር ማንኳኳቱን ራሱ ሰምቶ ያስተካክላል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ አይሰበርም፤ በኃይል ካልረገጧት ትኖራለች። በሃይላንድ የሚሸጠውን ግን በምንም ዓይነት አይቅዱባት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል። ወረፋ ያለበት ጊዜ ከሆነ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ መሰለፍ ይጀምሩ፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ የሚጠብቅ ሰው ነው ሃይላንድ ላይ የሚወድቀው።

አዲስ አበባ ድረስ ብነዳትስ?

በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ቀጥሎ የት የት እንደተበላሸ በዚያው ሳምንት ከመጣ ሹፌር ይጠይቁ። እንጅባራ አካባቢ ዝናቡና ጉሙ ስለሚበረታ መብራት አብርተው ይንዱ፤ ዝቅ ያለች መኪና ለጭነት መኪና ሹፌር ዓይን ቶሎ አትገባም። የአባይ በረሃ ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በፍሬን ብቻ ከወረዱ ፍሬኑ ግሎ ይከዳል፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት ያድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነች ወደ እጅ መቀየሪያው ያዙሯት። በሌሊት አይንዱ፤ ከመንገዱ ጉድጓድና ከከብት ሌላ ምክንያት አያስፈልግም።

ጎማ ቢፈነዳ ወይም ዕቃ ቢሰበር ባሕር ዳር ላይ ይሠራል?

ጎሚስታ በየመንገዱ አለ፤ ችግሩ ብዙ ስፖርት መኪናዎች መለዋወጫ ጎማ አለመያዛቸው ነው። አንዳንዱ የሚይዘው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው፤ ፈሳሹ የምስማር ቀዳዳ ይደፍናል፣ የተቀደደ ጎን ግን አይደፍንም። ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት ጎማ ከነቸርኬው ከኋላ መቀመጫ ላይ ይጫኑ፤ ባለ ሁለት መቀመጫ ከሆነች ከሰው ቦታ ላይ። ስስ ጎን ያለው ጎማ በፌሮ በግድ ሲፈታ ቸርኬው ይሰነጠቃል፤ በማሽን የሚፈታ ጎሚስታ ይምረጡ።

መካኒኩን በተመለከተ የባሕር ዳር መካኒኮች ቶዮታን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ለዚህ ነው ለዕለት መኪና ቶዮታን የምመክረው። ለሌላው የፍሬን ሸራ፣ የዘይትና የአየር ፊልተር እንዲሁም ቀበቶ ሁልጊዜ በቤትዎ ይኑር፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ እስኪመጣ መኪናዋ ለሳምንታት ልትቆም ትችላለች።

ባለትዳር ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ፤ ይበቃናል?

ኤምኤክስ-5 አይበቃም፦ ሁለት መቀመጫ ነው፣ የዕቃ መጫኛው 130 ሊትር ገደማ ነው፤ ኩንታል ጤፍ አይገባም። በቶዮታ 86 ትናንሽ ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ አዋቂ ግን ጉልበቱን የሚያሳርፍበት የለም። የኋላው ወንበር ስለሚታጠፍ የቅዳሜ ገበያ ዕቃ ይይዛል። እናትዎን ወይም አያትዎን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጊዜ አስቀምጠው አስነሥተው ይዩ። ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ከዝቅተኛ ወንበር መነሣት ሥቃይ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለው ሰው እንደ ጎልፍ ጂቲአይ ያለ ባለ አምስት በር ቢመርጥ ሁሉም ይስማማል።

ጣሪያዋ የሚከፈት ብትሆንስ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ማታ ማታ በሐይቁ ዳር እንደዚያ ደስ የሚል መንዳት የለም። ለክረምቱ ግን አንድ ሥራ አለብዎ፦ በጨርቁ ጣሪያ ግርጌ በግራና በቀኝ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጃካራንዳ ወይም ማንጎ ሥር የሚያቆሙ ከሆነ ቅጠልና አበባው ይደፍናቸዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይዞርና ከወንበር ሥር ምንጣፉን ያርሰዋል። ግንቦት ላይ ለስላሳ የፕላስቲክ ሽቦ ከተው ያጽዷቸው። ብረት አይጠቀሙ፤ ቱቦውን ይበሳል።

አዲስ ማስመጣት እችላለሁ?

በነዳጅ የምትሠራውን አይችሉም፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ካሉት ነው የሚገዙት፤ ስለዚህ የሊብሬውን የሞተርና የቻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ሳያስተያዩ ቀብድ አይስጡ።

የሚቀረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ለባሕር ዳር ይስማማል። ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ የቤንዚን ወረፋ የለበትም። «ሲል» (Seal) ከተባለችው የቻይናው ቢዋይዲ መኪና በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ ከዜሮ ተነሥታ በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ይበቃታል፤ አራት በር አላት፤ ፋብሪካው በአንድ ሙሌት 520 ኪ.ሜ. ትሄዳለች ይላል። ጎንደር ደርሶ መልስ ያስኬዳል፤ አዲስ አበባ ግን በአንድ ሙሌት አያደርስም። ሆዷ ዝቅ ያለ መሆኑንና እዚያው ላይ ያለው ባትሪው መሆኑን አይርሱ። በነዳጅ መኪና ሆድ ሲመታ የሚጎዳው የዘይት ኮፓው ወይም ማርሚታው ነው፤ እዚህ የሚመታው ከመኪናዋ ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው። የጣውላው ልኬት ለዚች ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለሠርግ እያከራየሁ ወጪዋን ብሸፍንስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ የጥርና የፋሲካ ማግሥት ሠርጎች በደረቅ ወቅት ስለሚውሉ ለመኪናዋም ይመቻታል። ሪባኑ በማጣበቂያ ቀለሙ ላይ እንዳይለጠፍ፣ አበባውም የራዲያተሩን ፊት እንዳይሸፍን አስቀድመው ይስማሙ፤ በዝግታ በሚሄድ የሠርግ ሰልፍ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዚያ በሚገባ አየር ነው። ለመድን ድርጅትዎም አስቀድመው ያሳውቁ። ውልዎ ለግል አገልግሎት ብቻ ከሆነ በኪራይ ላይ እያለች ለደረሰ አደጋ ላይከፍልዎ ይችላል።